ካፉር የነካት አውራ ጣት

ሐጋ ዋጊዳ ፖሊሱ የሰጣትን ወረቀት ገለባብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ማኅተም ግን ታውቃለች። ንስር ያለበት የመንግሥት ማኅተም ደግሞ በከርሙዝ ሰፈር ደግ ነገር ይዞ የሰው በር አንኳኩቶ አያውቅም።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ሐሙስ በአራት ሰዓት ፎረንሲክ ቤተ ሙከራ ይቅረቡ ይላል። የሚያጥቡበትን ካፉርና የቁርቁራ ቅጠል ይዘው።»

«ምነው፣ እዚያ ሰው ሞተ እንዴ?»

ፖሊሱ ሳቀ። «እዚያማ መቼ ጠፍቶ! እርስዎን የጠሩት ግን ለሬሳ አይደለም ሐጋ፣ ለወረቀት ነው።»

እሱ ሳቁን ይዞ ደረጃውን ወረደ፤ እሷ በሩን ይዛ ቀረች። ለሬሳ ቢሆን ምን ችግር ነበረው? አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ለሬሳ ስትጠራ አንድ ቀን እንኳ አልፈራችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የትኛው ወረቀት እንደሆነ ደግሞ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል።

ዋጊዳ የከርሙዝን ሴቶች ሬሳ አጥባ የምትገንዝ ናት። ሙያውን የባሏ እናት አስተማረቻት፤ ባሏም አማቷም ካለፉ በኋላ የሬሳ ማጠቢያው ሳንቃ፣ ሳፋው፣ ማንቆርቆሪያውና ሬሳ የሚቀባው ባለ ሽታ ካፉር ብልቃጥ የሷ ሆኑ። ሰፈሩ «ሐጋ» እያለ ያከብራታል፤ እጇን ግን ይፈራል። ዳቦ ሻጩ መልሷን መዳፏ ላይ አያስቀምጥም፤ ጠረጴዛው ላይ ወርወር ያደርገዋል። ለሙሽራ ሒና አትጠራም። እሷም ትስቅባቸዋለች፤ «ዛሬ ካልጨበጣችሁኝ ግድ የለም፣ ነገ እኔ እጨብጣችኋለሁ» ትላለች። ሞት በር ሲያንኳኳ ግን መጀመሪያ የሚጠራው የሷ ስም ነው። ምክንያቱም አንድ ሕግ አላት፤ ሳንቃ ላይ ያየችውን ሳንቃ ላይ ትታው ትወጣለች። የተደበደበች አይታለች፣ ማንም ሳያውቅ ያረገዘች አይታለች፣ ዊግ አድርጋ አርባ ዓመት ባሏን ያታለለች አይታለች። የአጣቢ ሆድ መቃብር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህ ሕግ ለሞተው ደግ ነው፤ በሕይወት ላለው ግን አንዳንዴ ክፉ ነው፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

የወረቀቱ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ባሕሩ መንገድ ላይ እየወጣ ባስቸገረበት ሰሞን፣ ሲት ኢንሻራህ የምትባል ባልቴት ሞተች። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነበራት። ምድር ቤቱ ውስጥ ልብስ ሰፊ የሆነች ባሏ የሞተባት ልጇ አፍካር አብራት ትኖራለች። ወንዱ ልጇ ፈትሒ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፤ እናቱ ጋ የሚመጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። እናቱ በተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ፈትሒ ከብረት ሣጥኑ አንድ ውል አወጣ። እናቴ ከመሞቷ ከሁለት ወር በፊት ቤቱን በሙሉ ሸጠችልኝ አለ። ውሉ ላይ የእናቲቱ አውራ ጣት ቁጭ ብላለች፤ ሁለት ምስክሮችም ፈርመዋል። አፍካር ውሸት ነው ብላ ብትጮህ ማን ይስማት? ጣቱ ከእናትዬዋ መታወቂያ ጋር ተመሳከረና የራሷ ሆኖ ተገኘ። «ጣት አይዋሽም» አሏት። የቀረው የፎረንሲኩ የመጨረሻ ቃል ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ዳኛው ይፈርዳል፤ የፎረንሲኩ ቃል ካልረዳት አፍካር የስፌት መኪናዋን ተሸክማ አስፋልት ላይ ትወጣለች።

ዋጊዳ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ምን እንዳየች ታውቃለች።

ሲት ኢንሻራህ ሳንቃው ላይ ስትጋደም ግራ እጇ እንደ ማንኛውም ሬሳ ክፍት ነበር። ቀኝ እጇ ግን ጭብጥ ብሏል። አጨባበጡም ለየት ይላል፤ አውራ ጣቷ ከአራቱ ጣቶች ሥር ገብታ ተደብቃለች። ዋጊዳ አልገረማትም፤ ሬሳ ስንቱን ያደርጋል። ለብ ያለ ውሃ አፈሰሰችበት፣ መገጣጠሚያውን አሸት አሸት አደረገች። ከሬሳ ጋር ማውራት ልማዷ ነው።

«ፍቺው የኔ እመቤት፣ ፍቺው። ማንም አይወስድብሽም።»

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

«ሐጋ፣ እጇ ተፈታ?» አለ ፈትሒ ከውጭ።

«ተፈታ ልጄ።»

ወይ አሳቢ ልጅ፣ የእናቱ እጅ ሳይቀር ያሳስበዋል ብላ መረቀችው። ስታስበው አሁን ድረስ ይዘገንናታል። በቁርቁራ አጠበቻት፣ ደገመች፣ በመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉር ጨመረች። ከዚያ እንደ ደንቡ በስግደት መሬት የሚነካውን ሁሉ፣ ግንባሯን፣ መዳፏንና ጣቶቿን፣ ጉልበቷን፣ ካፉር ቀባቻት። የመግነዙ ጨርቅ፣ ከፈኑ፣ ከመጠቅለሉ በፊት ፈትሒ ገባ። «ለአንዲት ደቂቃ ከእናቴ ጋር ብቻዬን ተዉኝ» አለ። ልጅ ነው፤ እናቱን ቢሰናበት ማን ይከለክለዋል? ዋጊዳ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወጣች።

ስትመለስ ተንበርክኮ የእናቱን ግንባር እየሳመ ያለቅሳል። እንባው እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። አጠገቡ እርጥቡ ወለል ላይ የታጠፈ ወረቀት ወድቋል። በእኛ ሰፈር ሬሳ የሚታጠብበት ክፍል የሚገባው ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ዋጊዳ አነሣችና «ልጄ፣ የቀብር ፈቃዱ እንዳይረጥብብህ» ብላ ሰጠችው። እሱ ከእጇ መንጭቆ ተቀበላትና ወጣ።

አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ የአሮጊቷ አውራ ጣት ሰማያዊ ሆኗል። የማኅተም ቀለም።

ዋጊዳ ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ሳሙናና መፈግፈጊያ ሊፍ አነሣችና አጠበችው፤ እስኪነጣ አጠበችው። ካፉሩን እንደገና ቀባች፣ ከፈኑን ጠቀለለች፣ የራሷንም አፍ አብራ ጠቀለለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፈትሒ አንድ ኪሎ ማንጎ አንጠልጥሎ መጣ። ዋጊዳ በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሳትጋብዘው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት ዋሉ ሐጋ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ነገ ተጠርተዋል አሉ።»

«ተጠርቻለሁ።»

«ጉድ እኮ ነው! ጣቱ የእናቴ መሆኑን ካመኑ በኋላ አሁን ደግሞ ካፉር ሸተተን ይላሉ። ውሻ ናቸው እንዴ?» ብቻውን ሳቀ። «እናቴ ጉልበቷን በካፉር ቅባት ታሽ አልነበር? ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አይተውታል አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እሱን ነው የሚሏቸው። ይዋሹ አላልኩም፤ እውነቱን ነው።»

ዋጊዳ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እሱ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሌላም ነገር አለ። መድኃኒት ሲረጩበት ከወረቀቱ ጀርባ ሌላ ጣት ብቅ አለ። ከወለሉ ላይ ማን ነበር ያነሣው?»

«እኔ የቀብር ፈቃድ መስሎኝ እኮ…»

«ለዳኛው እንደሱ ልትይው ነው?» እርስዎ መባሉ እዚህ ላይ ቀረ። «እኔ ከገባሁ ብቻዬን አልገባም። ደግሞ ሐጋ፣ አንቺም አንድ ቀን ሳንቃው ላይ ትጋደሚያለሽ። የሬሳ ምስጢር ያወጣች አጣቢን ማን እንደሚያጥባት እንጃ።»

ማንጎውን ደረጃው ላይ ትቶት ሄደ። አንዱንም አልነካችው። በማግስቱ ስትወጣ ዝንብ ወሮት ነበር።

በፎረንሲኩ ኮሪደር አፍካር ቀድማ መጥታ ተቀምጣለች። ዋጊዳ ዓይኗን ላለማየት አንገቷን ደፍታ አለፈች። ውስጥ የተቀበለቻት ዶክቶራ ሚርቫት የምትባል፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት ናት። ቀጥ ብላ መጥታ ዋጊዳን ጨበጠቻት፤ ያውም በሁለት እጇ። ዋጊዳ ደነገጠች። ሕያው ሰው እንዲህ ከጨበጣት ስንት ዓመት ሆናት?

«ይግቡ ሐጋ፣ አይፍሩ። እርስዎና እኔ የአንድ ሠፈር ሰዎች ነን፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ዝምተኞች ናቸው።»

ጥግ ላይ የዐቃቤ ሕጉ ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። ውሉ መስታወት ሥር ተዘርግቷል። ዶክቶራዋ ካፉሩንና ቁርቁራውን ተቀብላ ከሁለቱም ቆንጠር አደረገችና በማሽኗ ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው፤ ከዚያ ወረቀቱን በጣቷ አመለከተች።

«የሰው ጣት እንደ ወጥ ማማሰያ ነው ሐጋ፤ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይወጣል። መስመሩ ማን እንደሆነ ይነግረኛል። ላቡና ቅባቱ ደግሞ ምን እንደበላ፣ ምን እንደነካ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ይነግረኛል። ይቺ አውራ ጣት የሲት ኢንሻራህ ናት፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ግን ከቀለሙ ሥር አንዲት ቅንጣት ላብ የላትም። ያለው ካፉርና ቁርቁራ ነው፤ አሁን ካመጡት ጋር ቁርጥ አንድ።»

«ካፉር ይበናል እኮ። እስካሁን እንዴት ቆየ?»

«ብልህ ነዎት! ልጁ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፈው። እንዳይጠፋበት ሲጠነቀቅ ሽታው መውጫ አጣ። ራሱ ጠበቀልኝ።»

«ታዲያ አለቀ አይደል?»

«ባለቀና በተገላገልኩ! ጠበቃው አሮጊቷ እጇን ታጥባ ነበር ይላል። ካፉሩ የጉልበት ቅባት ነው፣ ቁርቁራው የፀጉር መታጠቢያ ነው ይላል። ሁሉም ቤት ያለ ነገር ነው። ዳኛው የማሽኔን ቋንቋ አያውቅም፤ የሰው ቋንቋ ነው የሚያውቀው።» ቁራጭ መስታወት አቀበለቻት። «እስቲ ይቺን በጣትዎ ይንኩልኝ።»

ዋጊዳ ነካች። ዶክቶራዋ መስታወቱን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችውና መነጽሯን አስተካክላ ደግማ አየችው።

«መስመር የለዎትም እኮ!»

«አርባ አንድ ዓመት ውሃና ሳሙና ነው ልጄ። ውሃ ድንጋይ ይበላ የለ?»

ሚርቫት ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ነጠብጣብ አለ። «ይሄን ላብ የሚያቀላ መድኃኒት ነው ያወጣው። ሌላ ሰው ነክቶታል። ካፉር አለው፤ መስመር ግን የለውም። የማን እንደሆነ እኔም ሆንኩ ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ብገምት እንኳ ግምት አይጻፍም።» ይህን ስትል ዋጊዳን ትኩር ብላ አየቻት።

ዋጊዳ እፎይ አለች። ላታፍርበት አትችልም፤ ግን እፎይ አለች። የፈትሒ ማስፈራሪያ ባዶ ጆንያ ሆነ። ዝም ካለች ማንም አይነካትም፤ ዝም ማለት ደግሞ ሙያዋ ነው።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሟች የካፉር ቅባት ትቀባ ነበር ወይ?»

«ትቀባ ነበር።»

«ሌላ የሚሉት አለ?»

«የለኝም።»

ብዕሩ ጫር ጫር አለ። ዶክቶራዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጽሑፉ እስኪገለበጥ ዋጊዳ ውጭ እንድትጠብቅ ተነገራት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው፤ ከአፍካር ጎን ተቀመጠች። አፍካር ወደ እሷ ዞረች። ዓይኗ በስፌትም በልቅሶም አልቋል።

«ሐጋ፣ እናቴን ስላጠቡልኝ አመስግኜዎት አላውቅም።»

«ምን ያመሰጋግናል ልጄ፤ ተዪው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሲያጥቧት ቀኝ እጇ ተጨብጦ ነበር?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ ነው። ፈትሒ ባለፈው ክረምት ቀለሙን በኪሱ ይዞ ነበር የሚመጣው። ‹እዚህ ላይ ንኪልኝ እማ› ይላታል። እምቢ ትለዋለች። ከደከመች በኋላ ተኝቼ ያስነካኛል ብላ ፈራች። አውራ ጣቷን እንደ አራስ ልጅ ጡጫዋ ውስጥ ደብቃ ነበር የምትተኛው። ‹አፍካር፣ እስክሞት ድረስ አላስወስዳትም› ትለኝ ነበር። እጇ እንደተጨበጠ ሄዳ ከሆነ… እንደተጨበጠ ከሄደች ውሉ ውሸት ነው ማለት ነው። ያን ባውቅ ቤቱ ቢቀርም አይቆጨኝም።»

ዋጊዳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። የሚያምሩ፣ የነጡ፣ የተላጡ እጆች። ፍቺው የኔ እመቤት፣ ማንም አይወስድብሽም። ማን ነው ያለው? እሷ ናት። ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ለምኖ ያልከፈተውን እጅ እሷ በለብታ ውሃ፣ በአራት ደቂቃ፣ በደግ ቃል ከፈተችለት። እሱ እኮ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር!

ተነሣች። በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች።

«ጣቱ የኔ ነው» አለች።

ጸሐፊው ቀና አለ። «የትኛው ጣት?»

«የጀርባው። ወረቀቱን ከእርጥብ ወለል ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አሮጊቷ ያኔ ታጥባ፣ ካፉር ተቀብታ፣ ሳንቃ ላይ ነበረች። ቀለሙን ከጣቷ ላይ አጥቤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ቅድም ያልኩህን ቅደደውና ይሄን ጻፍ።»

«ሐጋ፣ ይሄ እርስዎንም ያስከስሳል፤ ገብቶዎታል?» አለች ሚርቫት ቀስ ብላ።

«ገብቶኛል። የገባኝ ዘግይቶ ነው እንጂ ገብቶኛል።»

ሁሉንም ተናገረች፤ የተጨበጠውን እጅ፣ የበሩን መንኳኳት፣ «እጇ ተፈታ?» ያለውን ድምፅ። ሲያልቅ ጸሐፊው ቀለሙን አቀረበላት። አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። የወጣው ክብ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነው፤ አንዲት መስመር የለውም።

«ይሄማ የማንም ሊሆን ይችላል» አለ ጸሐፊው ተቸግሮ።

«የኔ ነው አልኩህ እኮ!» ብላ ጮኸችበት።

ዞር ስትል አፍካር በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ከፈቱት?»

«ከፈትኩት ልጄ። ማንም አይወስድብሽም ብዬ ከፈትኩት።»

አፍካር ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

እሑድ ዕለት ዳኛው ውሉን ሰረዘው። አፍካርም ከቤቷ ከመውጣት ተረፈች። ፈትሒ ተከሶ በዋስ ወጣ፤ ዋጊዳም እንደዚሁ፤ ክሱ ገና አልተዘጋም። ፈትሒ ከዚያ ወዲህ ከዋጊዳ ደጅ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መዋል ጀመረ። ሻዩን ያማስላል፣ በሯን ያያል።

የተናገረው ግን ደረሰ። በዚያ ወር ከሰፈሩ ሦስት ሴቶች ሞቱ፤ ለሦስቱም አጣቢ ከሌላ ሰፈር አመጡ። «ያየችውን ለመንግሥት ትናገራለች» ተባለ። ከሁሉ የጎዳት ግን የዳቦ ሻጩ ነው። አንድ ቀን መልሷን እንደ ሌላው ሰው መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ከእንግዲህ ሬሳ እንደማትነካ ሰፈሩ ሁሉ አውቋል ማለት ነው። ዋጊዳ እቤቷ ገብታ እንደ ልጅ አለቀሰች።

አንድ ረፋድ በሩ ተንኳኳ። ፈትሒ መስሏት በሩን ገርበብ ብቻ አደረገች። አፍካር ናት፤ ነጭ ጨርቅ በክንዷ ይዛለች።

«ያስተምሩኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ማጠቡን።»

«ምን ሆነሽ ነው? ማንን ልታጥቢ?»

«እርስዎን» አለች አፍካር። ቁጣው ከድምፏ አልወጣም፤ ግን አልሄደችም። «ጊዜዎ ሲደርስ። ሌላ ማን አለዎት?»

ዋጊዳ ሳንቃውን ከግድግዳው አውርዳ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፣ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች፣ ራሷም ተጋደመችበት። ቀኝ እጇን አውጥታ አውራ ጣቷን ከአራቱ ጣቶቿ ሥር አስገባችና ጨበጠች።

«መጀመሪያ እጅ ነው» አለች። «ለብ ያለ ውሃ ነው የሚፈልገው፤ በጉልበት አይሆንም።»

አፍካር ተንበርክካ እጇን ያዘች። በክፍቱ በር በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ይሰማል።

«ቆይ!» አለች ዋጊዳ። «እንደዚህ ተጨብጦ ካገኘሽው ከመክፈትሽ በፊት፣ ከበሩ ውጭ ማን እንደቆመ እዪ።»